ስም የሚጠራው ከቀብር በኋላ ነው

ሰፈሩ እኔን የሚያውቀኝ በሁለት ነገር ነው። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ቁልፍ ስቀርጽ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ በእድራችን ደግሞ ስም ጠሪ ነኝ። ቁልፉን ዓይኔ ሲደክም ተውኩት። ስም ጥሪውን አልተውኩም። ተው ያለኝም የለም፤ ቢለኝም አልሰማም ነበር።

ትምህርት የለኝም። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የጻፍኩትን ሰው ያነበዋል፣ እኔም ቀስ ብዬ አነበዋለሁ፣ በቃኝ። ለእድር መዝገብ ብዙ ፊደል አያስፈልግም። የአባሉ ስም ተጽፏል፤ ከስሙ ትይዩ «አለ» ወይ «ቀረ» ብሎ መጻፍ ነው። እነዚህን ሁለቱን ከፕሮፌሰር እኩል እጽፋቸዋለሁ።

በእኛ እድር ስም የሚጠራው ከቀብር በኋላ ነው። ሕጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በፊት የሚጠራው ድንኳኑ ጋ፣ አስከሬን ሳይወጣ ነበር። ሰዉ «አለሁ» ይልና ታክሲ ይዞ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ተሸካሚ አጥተን አራት ሽማግሌዎች እየተንገዳገድን ሳጥን ተሸክመን፣ መንገድ ላይ ሁለቴ አሳረፍነው። የሟች ልጆች ያዩናል። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በሚቀጥለው ጉባኤ ተነሣሁና «ስም የሚጠራው አፈር ከለበሰ በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ የወጣ ቀሪ ነው፤ ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዝ፤ ሕጉ ለባለሥልጣንም ለሊስትሮም አንድ ነው» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የተሰረዘ ቤት ሞት ሲገባበት ድንኳን አንተክልለትም፣ ቀባሪ አንወጣለትም። ከዚያ ወዲህ ሳጥን መሬት ነክቶ አያውቅም።

ይህን ማስቀደሜ ስለ ጎረቤቴ ልጅ ለመናገር ነው።

የጎረቤቴ ልጅ የመንግሥት ጠበቆች አለቃ ነበር። እናቱ ከእኔ ጋር አጥር የምትጋራ ሴት ናት። እሱ ተምሮ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ወደ ቦሌ ከሄደ ቆይቷል፤ እሷ ግን «ከዚህ የምወጣው በሳጥን ነው» ብላ ቀረች። እድሩ በእሷ ስም ነው። ጉልበቷ ስለከዳት፣ የሚቆጠረውም ሳጥን የሚሸከም የቤቱ ሰው ስለሆነ፣ ቀብር እሱ ይወጣላታል። ይወጣላታል ስል መውጣት ነበረበት ማለቴ ነው። የሚልከው ሾፌሩን ነበር። እኔ ደግሞ ሾፌር አልቆጥርም። ሁለት ቀብር ሾፌሩ መጣ፣ ሁለት ጊዜ «ቀረ» ብዬ ጻፍኩ።

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ አንድ ሰፊ ግቢ አለ። ድሮ የተወረሰ፣ የመንግሥት ነው። ከኋላ ባለችው ክፍል ድንኳናችንን፣ አግዳሚ ወንበሮቻችንን፣ ብረት ድስቶቹን እናስቀምጥ ነበር፤ ጉባኤያችንም እዚያው ነበር። አንድ ባለጠጋ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ መጣና «የአባቴ ግቢ ነው» ብሎ መንግሥትን ከሰሰ። ለመንግሥት የሚከራከረው የጎረቤቴ ልጅ ሆነ። ጉዳዩ ከበድ ስለሚል ለበታቾቹ አልሰጠም፤ ፋይሉን ራሱ ያዘው። በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት ስሙ ሲጠራ የለም። ዳኛው «በሌለበት ይታይ» አለ። ባለጠጋው ምስክሩን አሰማ። ብዙም ሳይቆይ ግቢው ተፈረደለት።

ከዚያማ አገሩ ተቀወጠ። ምክር ቤት ውስጥ አንዱ ተነሥቶ «ችሎታ የለውም፣ ማን ነው የሾመው?» ይላል። ሌላው «ችሎታስ አለው፣ ተገዝቶ ነው» ይላል። የሾሙት ደግሞ «ጨዋ ሰው ነው፣ ምክንያት ይኖረዋል» ይላሉ። ሬዲዮ ከፈትኩ እሱ ነው። የሰፈሩ ልጆች ፎቶውን ከተኛ ሰው ፎቶ ጋር ገጣጥመው ስልክ ለስልክ ይላላካሉ።

ከሁሉም የባስኩት እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ የምጠጣበት ካፌ አለ። የእድራችን ጸሐፊም እዚያ ይመጣል። ድልድዩ ጋ የብርድ ልብስ ሱቅ ያለው ጉራጌ ነው፤ ከአፉ ሰው አያመልጥም።

«ቀብር የማይመጣ ሰው ፍርድ ቤት ይመጣል?» አልኩ ባንኮኒውን በመዳፌ እየመታሁ። «ሾፌር ላኪ ነው! እዚያም ሾፌሩን ልኮ ይሆናላ።»

«ኧረ ፋዘር፣ ሾፌሩን ልኮ ቢሆንማ እንረታ ነበር» አለ ጸሐፊው። «ሾፌሩ ንቁ ልጅ ነው።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ሞቀኝ።

«ሁለቴ ቀርቷል። ሦስተኛዋን ነው የምጠብቅለት። እሰርዘዋለሁ።»

«ሰርዘውት እንዳይከስዎ።»

«ቢከሰኝስ? በቀጠሮው ቀን አይመጣ!»

አሁን የሳቁት እስከ ውጭ ያሉት ናቸው። ማሽኑ ላይ የቆመው ልጅ ወተቱን አፈሰሰ። ከሳቁ መሀል አንድ ሰው «ለመሆኑ ቀጠሮው መቼ ነበር?» አለ። ጸሐፊው ስልኩን ነካክቶ ቀኑን አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ «ማክሰኞ ነው። እንዴ! ፀጉር አስተካካያችንን የቀበርን ቀን አይደል እንዴ? ሱቄን ዘግቼ የወጣሁበት ቀን ነው» አለ።

ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ መዝገቡን ከአልጋዬ ራስጌ አወረድኩ። ገጹን አገኘሁት። የፀጉር አስተካካዩ ቀብር። ጣቴን ከስም ወደ ስም እያወረድኩ ከእናቱ ስም ላይ ደረስኩ። ከትይዩው በራሴ እጅ «አለ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ነገሩ ሁሉ መጣልኝ።

ለዚያ ቀብር የመጣው በእኔ ምክንያት ነው። ከሳምንት በፊት እናቱን በአጥር ጠርቼ «ልጅሽ ሁለቴ ቀርቷል። አንድ ከደገመ ትሰረዣለሽ። ሕግ ነው» አልኳት። ሴትዮዋ አለቀሰች። «በስተርጅና ማዘጋጃ ሊቀብረኝ ነው?» አለች። «ልጅሽን ጠይቂው» ብዬ ገባሁ።

መጣ። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። ሳጥኑን ከደጃፍ እስከ ቤተ ክርስቲያን በትከሻው ይዞ ሄደ፤ ሌላው ሲቀያየር እሱ አልተቀየረም። አይቻለሁ። አየሁ ብዬ ግን ፊቴን አልፈታሁለትም። ካህናቱ ጸሎት ላይ ሳሉ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለብኝ። መምጣቴን አይተዋል። ይጻፉልኝና ልሂድ።»

«ስም የሚጠራው ከቀብር በኋላ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ትልቅ ጉዳይ ስለሆነብኝ ነው። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የምለምንዎት።»

«ሕጉን ለአንተ አልቀደውም። ፍርድ ቤት ሾፌርህን ላከው።»

አጠገባችን የቆሙት አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይንዘረዘራል። በእሱ መኪና የመጣችው እናቱ ዛፍ ሥር ከሴቶቹ ጋር ምርኩዟን ይዛ ተቀምጣ ሁለታችንን ታየናለች። እሷን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ስልኩን አጠፋና ቆመ።

የዚያን ቀን ትምህርቱ ረዘመ። አፈር ማልበሱም ረዘመ፣ መሬቱ ድንጋይ ነበር። ከዚያ እኔ መጥራት ጀመርኩ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። የእናቱ ስም ደግሞ ወደ መዝገቡ መጨረሻ ነው። ስደርስ «አለሁ!» ብሎ ጮኸና ወደ መኪናው ሮጠ። የፍርድ ቤቱን ነገር ሰበብ ነው ብዬ እዚያው ረሳሁት፤ በኋላ ካፌ ስሳደብም በልቤ የቀሩት ሁለቱ «ቀረ» ብቻ ነበሩ። እኔ ትልቅ ሰው አንበረከክሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ጽፌዋለሁ፣ ልደብቀው አልችልም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ካፌው ሄድኩ። የሰደብኩበት ቦታ ላይ ነው የማስተካክለው ብዬ ገና ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«ስሙ! ያ ሰው አልተገዛም! ቀብር ላይ ነበር! ያቆምኩት እኔ ነኝ። መዝገቡ እኔ ጋ አለ፣ የፈለገ መጥቶ ይይ!»

አንዱ ስልኩን ደግኖ ቀረጸኝ። ይቅረጽ አልኩ፣ ምን አስፈራኝ፣ እውነት ነው የተናገርኩት። ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ በሙሉ ሰማኝ።

መዝገቡን በፌስታል ጠቅልዬ በእግሬ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወጣሁ። በሥላሴ በኩል ነው። በሩ ላይ ጥበቃው አስቆመኝ።

«አባባ፣ ምንድን ነው የያዙት?»

«ማስረጃ።»

«የምን ማስረጃ?»

«አለቃችሁን ነፃ የሚያወጣ።»

ልጁ ፌስታሉን አገላብጦ አየና ስልክ ደወለ። ይጠሩኛል ስል እሱ ራሱ ወረደ። እጄን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝና የሥላሴን አጥር ታክከን ዛፍ ሥር ቆምን። ከስቷል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ?»

«ነፃ አወጣሁህ እንጂ ምን አደረግኩህ?»

«ታምሜ ተኝቼ ነበር ብዬ የሐኪም ወረቀት አስገብቻለሁ።»

አልገባኝም። ደግሞ ነገረኝ። በሌለበት የታየ ጉዳይ በቂ ምክንያት ከቀረበ እንደገና ይከፈታል። እሱም ጉዳዩን ለማስከፈት ያን ማክሰኞ አልጋ ላይ ነበርኩ ብሎ ጽፏል። ወረቀቱን የጻፈለት ወዳጁ የሆነ ሐኪም ነው። የሾሙትም ሰዎች ምክር ቤት ውስጥ ሊያነሡት ያሰቡት ያንኑ ወረቀት ነበር። እኔ ደግሞ አደባባይ ላይ «ቀብር ላይ ነበር» ብያለሁ።

«ለምን እውነቱን አልጻፍክም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? የመንግሥት ጠበቆች አለቃ ጎረቤቱን ሊቀብር ሄዶ ስሙ እስኪጠራ ቆሞ ቀረ ብዬ? የትኛው ዳኛ ነው በቂ ምክንያት የሚለኝ?»

«ያ ፀጉር አስተካካይ ትምህርት ቤት ስትገባ የመጀመሪያ ፀጉርህን የቆረጠህ ሰው ነው። አፈርክበት?»

«አላፈርኩበትም። ለእሱ ብዬ ነው የመጣሁት። እርስዎን ፈርቼ የመጣሁ ይመስልዎታል?»

ሰው ሲረታኝ የምሠራውን አውቀዋለሁ፤ ሌላ ጥፋት እፈልጋለሁ።

«በሥርህ ስንት ጠበቃ አለ? ለምን አንዱን አልላክህም?»

«ፋይሉ መኪናዬ ውስጥ ነበር።»

«ምን ይሠራል እዚያ?»

«እኔ ካልያዝኩት ይበላሻል ብዬ ነዋ።»

ተናደድኩ። እንግዲህ ችሎታ የለውም ያሉት ሰዎች የተናገሩት ሁሉ ውሸት አይደለም አልኩ በልቤ። ሥራ ያለው ሰው ሥራውን ለሁለተኛ ሰው ያሳውቃል። ልነግረው አፌን ስከፍት ፌስታሉን አየሁት። ይህን መዝገብ ከእኔ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ሳንባ ምች ይዞኝ እንኳ ታቅፌው ነው ቀብር የወጣሁ። ፌስታሉን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት።

«መዝገቡን ቤትዎ ይመልሱት» ብሎኝ ገባ።

ቤቴ መለስኩት። ግን ነገሩ ከእጄ ወጥቷል። በሳምንቱ ምክር ቤቱ ነገሩን እንዲያጣራ ካቋቋመው ኮሚቴ ለእድራችን ደብዳቤ መጣ። የዚያን ዕለት የስም ጥሪ መዝገብ ዋናው ይቅረብ ይላል። ጸሐፊው አነበበልኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ።

እናቱ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ከበሯ እስከ በሬ ያለችውን መንገድ ሁለቴ አርፋ ነው የደረሰች። ወንበር ሰጠኋት። አልተቀመጠችም።

«ወንድሜ፣ ልጄን ቀረ በልልኝ።»

«ምን?»

«መዝገቡ ላይ። ቀረ ብለህ ጻፍልኝ። አልነበረም በልልኝ፣ ታሞ ነበር።»

«ሦስተኛው ነው እኮ። ትሰረዣለሽ።»

«ልሰረዝ።»

«ማን ሊቀብርሽ?»

«ማዘጋጃ ይቅበረኝ። እኔ ከሞትኩ በኋላ ምን አውቃለሁ? እሱ ግን ልጆች ያሳድጋል። ውሸታም ተብሎ ከየት እንጀራ ይበላል?»

ያንን ቃል፣ ማዘጋጃ የሚለውን፣ በአጥር ያስለቀስኳት ቀን ከአፏ ሰምቼዋለሁ። አሁን ደረቅ ዓይኗን አፍጥጣ ነው የምትለው። ምርኩዟን አንሥታ ሄደች።

መዝገቡን ከፍቼ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለት ፊደል ነው። የእኔ ጽሕፈት እንደሆነ ጭረት በጭረት ነው፣ ቢነካካ ማንም አያውቅም። እጄ አልሄደም። ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። ከዚያው ገጽ ፊት ባሉት ገጾች ላይ የሰረዝኳቸው ቤቶች አሉ። አንዷ የታክሲ ሾፌር ሚስት ናት። ባሏ ሥራ እያለ ሦስት ቀብር ቀረ፣ ሰረዝኩ። ሲሞት ድንኳን አልተከልንም፤ ሰልስቱን በጎረቤት ሸራ ሥር ተቀመጠች። አሁንም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች። ለጠበቆች አለቃ ሲሆን መዝገቡን ከነካሁት ለእሷ ምን እላታለሁ?

በማግስቱ አጣሪዎቹ ጋ ሄድኩ። አንዲት ወጣት ልጅ ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን ከፍታ ፎቶ አነሣችው።

«አባባ፣ ይህ የእርስዎ ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ ነው።»

«በቦታው ነበር?»

«ነበር። ልሂድ ብሎ ለምኖኝ ከልክዬው ነው የቆየው። እሱንም ጻፊልኝ።»

«በቦታው መኖሩ ይበቃል አባባ።»

«አይበቃም። ያቆምኩት እኔ ነኝ። ጻፊ።»

«ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።»

«ከጀርባው ጻፊያ!»

«ጀርባውን ማንም አያነበውም።»

ፎርሙን ከፊቷ ወሰድኩና ገልብጬ ራሴ ጻፍኩ። «ልሂድ ብሎኝ ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።» ብዙ ቆየሁበት። ልጅቷ ደግ ናት፣ ጠበቀችኝ፤ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋርም አያያዘችው። እሷ እንዳለችው ማንም አላነበበውም። ውሳኔው ሲወጣ በሬዲዮ ሰማሁ። ስለ እኔ አንድ ቃል የለም። ሐሰተኛ ማስረጃ አቅርቧል፣ ከኃላፊነቱ ተነሥቷል፣ ይኸው ነው። ችሎታ የለውም ያሉት «ብለን ነበር» አሉ። ተገዝቷል ያሉት «መዋሸቱ ለምን ሆነና?» አሉ። የሾሙት አያውቁትም። ሦስቱም ረቱ። ግቢው ለባለጠጋው ጸና። ድንኳናችን አሁን ጸሐፊው ሱቅ ውስጥ በብርድ ልብሶቹ መሀል ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ድስቶቹ እኔ አልጋ ሥር ናቸው።

ጉባኤ በሌላ ሰው በረንዳ ላይ አደረግን። ተነሣሁና ሕጉ ይሻሻል አልኩ። ሳጥን ተሸክሞ፣ እስከ ጸሎቱ ቆይቶ፣ አስቸኳይ ጉዳይ አለብኝ ያለ ሰው ይጻፍለትና ይሂድ አልኩ። ሊቀመንበሩ «የሚደግፍ እጅ ያውጣ» አለ። እጄን አወጣሁ። ዞር ብዬ አየሁ። የእኔ ብቻ ነው።

«ፋዘር» አለ ጸሐፊው፣ «ሕጉ ለባለሥልጣንም ለሊስትሮም አንድ ነው። ከእርስዎ አይደል እንዴ የሰማነው?»

ሳቁ። ተከራከርኩ፣ ጮኽኩ፣ አልሰሙኝም። ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ግትር እንዲሆኑ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ማንን ልቆጣ? ስም ጥሪውን እተዋለሁ ብዬ ላስፈራራ ፈልጌ ነበር። እሺ እንዳይሉኝ ፈርቼ ተውኩት።

እናቱ አታናግረኝም። በአጥሩ መሀል የነበረችውን ቀዳዳ በቆርቆሮ አስደፍናታለች። ስሟ ግን መዝገቡ ላይ አለ፣ ሁለት «ቀረ» ብቻ።

ባለፈው ደግሞ ቀብር ወጣን። የጎረቤቴ ልጅ መጣ። መኪና የለም፣ ሾፌር የለም፤ ከታክሲ ወርዶ በእግሩ ነው የደረሰው። ሳጥኑን ተሸከመ። ጸሎቱ ላይ ከኋላ ቆመ። ስልኩ አልጮኸም። ሰዓቱን አላየም። አፈር ከለበሰ በኋላ መዝገቡን ከፈትኩ። የእናቱ ስም መጨረሻ አካባቢ ነው። ወደዚያ ገልጬ ከሁሉም በፊት ጠራሁት። ሰዉ ዞር ዞር አለ፤ ተራ አበላሽቼ አላውቅማ።

«አለሁ» አለ።

ጻፍኩ። አሁን መሄድ ይችላል ብዬ ቀና አልኩ። አልሄደም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የመጨረሻው ስም እስኪጠራ ድረስ እዚያው ቆመ። የሚቸኩልበት ቦታ አልነበረውም።